አርባ አንደኛው በር

ጥር ነው፤ ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣
ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ ጢም ላይ የሚረጋበት።
ቫኔን አስነሥቼ ገና ሳይነጋጋ፣
የሰው ዕቃ ጭኜ ከየበሩ ልጠጋ፤
መቶ ሠላሳ በር፣ መቶ ሠላሳ ስም፣
አንዱንም አልረሳም።

ጫማ ለዚች ልጅ፣ ለዚያኛው የውሻ ምግብ፣
ለአንዷ መጋረጃ፣ ለአንዱ መድኃኒት ለልብ፤
«ከምሽት ሦስት ሰዓት ሳያልፍ» ነው ትእዛዙ፣
የዘገየ ሹፌር ይነካል ደሞዙ።
እኔ ግን አልዘገይ፣
በረዶ ቢወርድም፣ ቢጠቁርም ሰማይ፤
በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ዕቃ አልጣልኩም፣
አደራ አልበላሁም።
(ብዬ እምል ነበር።)

ሴልከርክ ጎዳና ላይ፣ ቀለሙ የላጠ አረንጓዴ ቤት፣
አርባ አንደኛው በሬ፣ ሚስተር ኦረስት ያሉበት።
የባቡር ሰው ናቸው፣ አርባ ዓመት ሐዲድ የጠገኑ፣
ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከቴሌቪዥን ጋር የመነኑ።
በየሁለት ሳምንቱ የኦክስጅን ቱቦ አመጣላቸዋለሁ፤
ይፈርማሉ፤ እሮጣለሁ።
ጣታቸው ደንዝዞ ስክሪኑ ላይ ሲርድ፣
ፊርማቸው ይወጣል እንደ ትል መንገድ።
«ቁጭ በል» ይሉኛል፣ «አንድ ደቂቃ እንኳን»፤
«ሰማንያ ዘጠኝ በር ይቀረኛል፣ ይቅርታ ጌታው፣ ሌላ ቀን።»

ባለፈው ማክሰኞ የቫኔ በር ተከፍቶ፣
መዝሙሩ ወደ ውጪ ይሰማል ጎልቶ፤
ሽማግሌው ጆሯቸውን ቀሰሩ።
«ይኼ የምትሰማው…» ሳል አቋረጣቸው፤ ቆዩ፤ ደግሞ ጀመሩ፤
«ስለ ምንድን ነው? ሰውየው የሚያለቅስ ይመስላል፣
ግን ደስ ያለውም ይመስላል።»
እኔም፣ አንገቴን ወደ መንገዱ አዙሬ፦
«እንዲሁ ሙዚቃ ነው።»
ሦስት ቃል። ሦስቱም ክህደት ነው።
ዶሮ አልጮኸም፤ ሴልከርክ ላይ ዶሮ የት አለና፤
ስልኬ ነው የጮኸው፦ «ቀጣይ ማድረሻ፣ ሁለት መቶ ሜትር፣ በዚሁ ጎዳና።»

አየር በቱቦ አደረስኩላቸው፤
እስትንፋስ የሰጠውን ግን አልነገርኳቸው።

እዚህ አገር ሃይማኖት እንደ ደሞዝ ነው፣ አይጠየቅም ይላሉ፤
ሰው አታስጨንቅ፣ ድንበር አለ ይላሉ።
እሺ። ድንበር አለ።
ግን መጋቢት ላይ የቀይ ወንዝ በረዶ ሲሳሳ፣
«አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ ይተከላል፣ ሰው እንዳይረሳ፤
ሰሌዳውን ማን «ባለጌ» ብሎት ያውቃል?
የእኔስ ጨዋነት ስንቱን ሰው ያሰምጣል?

ሆሳዕና ከተማ፣ ጎማ የሚጠግን፣ ኤርሲዶ የሚባል፣
እጁ ግራሶ የጠጣ፣ ስብከት የማይችል፣
ጎማዬን እየነፋ፣ እየተንተባተበ፣
የሚያውቃትን አንዲት እውነት ለእኔ አነበነበ።
ሳቅሁበት። ሒሳቡን ከፍዬ ሄድሁ። ቃሉ ግን አብሮኝ ሄደ።
«ነገ እነግረዋለሁ» ብሎ ቢያድር ኖሮ፣
እኔ የት ነበርኩ ዘንድሮ?

ዛሬ መቶ ሠላሳው በር አለቀ። ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ።
ቫኑ ባዶ፣ እጄ ባዶ፣ የመንገዱ መብራት ብቻ ከላይ።
ወደ ሴልከርክ አዞርኩት።
የአረንጓዴውን ቤት ደወል ሁለቴ ተጫንኩት።
ቱቦው ወለል ለወለል ሲጎተት ሰማሁ፤ በሩ ተገመሰ።
«ዕቃ አዝዤ ነበር?»
«አላዘዙም።»
«የሚፈረም አለ?»
«የለም። ስለዚያ ሙዚቃ… ዋሽቼዎት ነበር።»
ዝም አሉ። ከጫማዬ ላይ በረዶው ይረግፍ ነበር።
«ስለ እግዜር ከሆነ» አሉ፣ «ሆኪው እስኪጀምር ሃያ ደቂቃ አለህ፤
ግባና በሩን ዝጋ፣ ብርዱን ታስገባዋለህ።»

ገባሁ። ወንበር ሳቡልኝ።
ሦስት ዓመት ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።
አፌን ከፈትኩ፤
እንደ ኤርሲዶ ተንተባተብኩ።